የስፒናውን ሦስተኛ እግር አትቁረጡ



ዛሬ የምጽፈው ስለ ዲጂታል ፒያኖ ነው፤ ግን መጀመሪያ የይቅርታ ዕዳ አለብኝ። ከዓመታት በፊት እኔ ጋ የተማራችሁ ታስታውሱ ይሆናል። ፒያኖው ከስፒከር ጋር ሲገናኝ "እምምምም" የሚል ድምፅ ካመጣ "የስፒናውን ኧርዝ በፕላስተር ሸፍኑት፣ ይጠፋል" እላችሁ ነበር። ደግሞም ይጠፋል። ችግሩ እሱ ነው፤ ስለሚጠፋ ትክክል ይመስላል። ትክክል አልነበረም። ያንን ምክር ዛሬ በአደባባይ አንስቻለሁ። ከእኔ ሰምታችሁ ለሌላ ሰው ያስተላለፋችሁ ካላችሁ እባካችሁ መልሳችሁ ንገሩልኝ።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ባለፈው ቅዳሜ ማታ የመጣ ስልክ ነው። የደወለችው የቀድሞ ተማሪዬ ናት፤ አሁን በአንድ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ፒያኖ ትጫወታለች። "ቲቸር፣ ነገ ፕሮግራም አለን፣ ፒያኖው እየጮኸብን ነው። የሳውንድ ልጁ የስፒናውን ሦስተኛ እግር ልቁረጠው እያለ ነው። እርስዎም እኮ ድሮ ኧርዙን ሸፍኑት ይሉን ነበር። ይቁረጠው?" አለችኝ። ልጁ ፒንሳውን ይዞ አጠገቧ ቆሞ እንደነበር የነገረችኝ በኋላ ነው።

"እንዳይነካው!" አልኳት። ሳላስበው ጮኬ ኖሮ ባለቤቴ ደንግጣ ከጓዳ ወጣች።

ለምን እንደጮህኩ ልንገራችሁ። ድሮ አንድ ሰርግ ላይ ስጫወት በራሴ ምክር መሠረት ኧርዙን ሸፍኜ ነበር። ድምፁ ጸጥ አለ፣ እኔም ደስ አለኝ። መሀል ላይ ልዘፍን ወደ ማይኩ ስጠጋ አንድ እጄ የፒያኖውን የብረት ክፍል እንደነካ ነበር። ከንፈሬ ማይኩን ሲነካ ነዘረኝ። ሰው ሳቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ፣ ሰርጉ ቀጠለ። ቤት ገብቼ ስተኛ ግን እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያን ሌሊት መማር የነበረብኝን ነገር ለመማር ብዙ ዓመት ፈጀብኝ።

የኧርዝ ሽቦ ሥራው ቀላል ነው። ውስጥ ያለ ሽቦ ተልጦ የዕቃውን ብረት ቢነካ፣ ኤሌክትሪኩ በኧርዙ በኩል ይሄድና ብሬከሩ ይወርዳል። ያ እግር ሲቆረጥ "እምምም" ሊጠፋ ይችላል፤ ግን ከዚያ በኋላ ብረቱ ኤሌክትሪክ ከያዘ ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ የሚጫወተው ሰው ነው። እኛ አገር መስመሩ 220 ቮልት መሆኑን አትርሱ። ማይክ የያዘች ዘማሪ፣ ፒያኖ ላይ የተቀመጠ የአሥር ዓመት ልጅ፣ በባዶ እግሩ የሚለማመድ ተማሪ አስቡ።

እና የዛሬው ሐሳቤ ይሄ ነው፦ ያልተፈለገ ድምፅ ሲመጣ ከማፈናችን በፊት እናዳምጠው። እኛ ሙዚቀኞች የሚገርመን ነገር አለ። በአራት ድምፅ መዝሙር ውስጥ አንዷ አልቶ ትንሽ ዝቅ ብትል ወዲያው እንሰማለን። ፒያኖው ሲያጉረመርም ግን ያ ሁሉ ጆሮ የት እንደሚገባ አላውቅም፤ "ተበላሽቷል" ብለን እንዘጋዋለን። ከዚያ በግማሽ ዋጋ ይሸጣል፣ ዘመድ ከውጭ ሌላ እንዲልክ ይለመናል፣ አዲሱ ይመጣል፣ ያው "እምምም" እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ምክንያቱም ድሮም ፒያኖው ውስጥ አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። እንደ ሮድስ ያለው የድሮ ኤሌክትሪክ ፒያኖ የብረት ዘንጎቹን ንዝረት በማግኔት ፒክአፕ ነው የሚይዘው፤ ስለዚህ በአካባቢው ያለውን የመብራት ጉርምርምታም አብሮ ይለቅማል። ዲጂታል ፒያኖ ፒክአፕ የለውም። ድምፁ በቁጥር ተቀምጦ ነው የሚወጣው። ጉርምርምታ ካለው አብዛኛውን ጊዜ በር ከፍቶ የገባ እንግዳ ነው፤ በሮቹም ሁለት ናቸው፦ የኤሌክትሪኩ መስመርና የድምፅ ኬብሉ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምርመራ ገንዘብ የማይጠይቅ ነው። ከፒያኖው ላይ ሁሉንም ነገር ንቀሉ፤ የስፒከሩን ኬብል፣ ላፕቶፑን፣ ሁሉንም። ከኤሌክትሪክ ገመዱ በቀር ምንም አይቅር። ከዚያ ሄድፎን ሰክታችሁ አዳምጡ። ጸጥ ካለ ፒያኖው ንጹሕ ነው፤ ጥፋተኛው ከውጭ ነው፣ ማለትም ኬብሉ፣ ሚክሰሩ፣ ስፒከሩ ወይም የእነሱ ከኤሌክትሪኩ ጋር ያላቸው ግንኙነት። በሄድፎንም ከተሰማ ደግሞ ወይ አዳፕተሩ ነው ወይ ውስጡ ነው። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ኪቦርድ ከሆነ ይበልጥ ቀላል ነው፤ አዳፕተሩን ነቅላችሁ በድንጋይ ሞክሩት። በድንጋይ ጸጥ ካለ አዳፕተሩን ቀይሩ። ያረጀ አዳፕተር ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ሲደክሙ ጉርምርምታ ያሳልፋል። ርካሽ ምትክ አዳፕተር ደግሞ ቀጭን የፉጨት ድምፅ ሊያመጣ ይችላል።

አዳፕተር ስትገዙ ግን ቀዳዳው ስለገባ ብቻ አትውሰዱ። ቮልቱ አንድ ዓይነት ይሁን፣ አምፔሩ ከዋናው አይነስ፣ ላዩ ላይ የተሳለችው ትንሽ ሥዕልም መሀሉ ፕላስ ነው ወይስ ማይነስ የምትለውን አመሳስሉ። ከአሜሪካ ለመጣ ዕቃ ደግሞ አዳፕተሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ መኖሩን ሳታዩ እንዳትሰኩ። 120 ብቻ ካለ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው ምርመራ ለእኛ ለሙዚቀኞች የተሰጠ ነው፤ ድምፁ ስንት ነው ብሎ መጠየቅ። ቅዳሜ ማታ ተማሪዬን በስልክ ያልኳት ይህንኑ ነው። "እስኪ ያንን እምምም በአፍሽ ያዢውና ፒያኖው ላይ ፈልጊው።" ትንሽ ቆይታ "ጂ ነው ቲቸር፣ ግን ትንሽ ከፍ ይላል" አለች። በቃ፣ ከስልኩ ማዶ ሆኜ ምን እንደሆነ አወቅኩ። የኢትዮጵያ መብራት በሴኮንድ 50 ጊዜ ይወዛወዛል። ባለ 88 ቁልፍ ፒያኖ ላይ ጥቁሮቹንም ጨምራችሁ ከግራ 11ኛው ቁልፍ ጂ ነው፤ 49 ኸርዝ። ከእሱ አንድ ኦክታቭ ከፍ ያለው ጂ 98 ነው፤ የመብራቱ እጥፍ ደግሞ 100። ስለዚህ ከጂ ጥቂት ከፍ ያለ፣ የማይለዋወጥ፣ ወፍራም ጉርምርምታ ከሰማችሁ የሚጮኸው የመብራቱ መስመር ነው።

ውጭ አገር ያላችሁም ሞክሩት። አውሮፓ፣ እስራኤልና ዱባይ ያላችሁ ልክ እንደኛው ጂ ነው የምታገኙት። አሜሪካ ያላችሁ ግን መብራታችሁ 60 ኸርዝ ስለሆነ በቢ ፍላትና በቢ መካከል ይወድቅባችኋል፤ ሳዑዲም እንደዚያው ነው። ፒያኖ ላይ ልክ የሆነ ቁልፍ አታገኙለትም።

የመብራት ጉርምርምታ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ፍለጋው ይጠባል። ብዙውን ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው። ፒያኖው መድረኩ ጋ ባለ ሶኬት ተሰክቷል፣ ሚክሰሩ ደግሞ ከአዳራሹ ኋላ ባለ ሌላ ሶኬት። ሁለቱም ኧርዝ አላቸው። በድምፅ ኬብሉ ሲገናኙ በሁለቱ ኧርዞችና በኬብሉ መካከል አንድ ትልቅ ቀለበት ይፈጠራል፤ በዚያ ቀለበት ውስጥ የሚዞረው ትንሽ ኤሌክትሪክ ነው በስፒከር "እምምም" ሆኖ የሚወጣው። መፍትሔው ቀለበቱን ማፍረስ ነው። ግን የት ላይ እንደሚፈርስ ነው ቁም ነገሩ።

የመጀመሪያው ዘዴ ሁለቱንም ኧርዝ ካለው ከአንድ ሶኬት መስካት ነው፤ ደህና ዲቫይደር ካላችሁ ነጻ ነው። ምጣድና ማሞቂያ ብቻ እዚያ ላይ አትጨምሩ። ሁለተኛው ዘዴ በፒያኖውና በሚክሰሩ መካከል ትራንስፎርመር ያለው ዲአይ ቦክስ ማስገባት ነው። እዚያ ቦክስ ላይ ግራውንድ ሊፍት የምትባል ትንሽ ማብሪያ አለች። እሷ የምታላቅቀው የድምፅ ኬብሉን ግራውንድ ነው፤ የኤሌክትሪኩን ኧርዝ አትነካም። ልዩነቱን ልብ በሉልኝ፣ የዚህ ሁሉ ጽሑፍ ነገር እዚህ ላይ ነው ያለው። በድምፅ ኬብሉ በኩል ብታላቅቁ የምታጡት ጉርምርምታውን ብቻ ነው። በኤሌክትሪኩ በኩል ብትቆርጡ ጉርምርምታውንም መከላከያውንም አብራችሁ ታጣላችሁ።

ፒያኖውን ከላፕቶፕ ጋር በዩኤስቢ የምታገናኙ ደግሞ ላፕቶፑ ቻርጅ ላይ ሲሆን የሚመጣ "ዚዚዚ" አለ፤ ማውሱን ስታንቀሳቅሱ የሚለዋወጥ። ቻርጀሩን ንቀሉና በባትሪ ሞክሩት። ከጠፋ መንገዱ ያው የግራውንድ ነገር ነው፤ ፒያኖው ምንም አላጠፋም።

አሁን ወደ ሌሎቹ ድምፆች ልሂድ፤ ሁሉም የየራሳቸው ጠባይ አላቸው።

"ሽሽሽሽ" የሚል፣ እንደ ሩቅ ዝናብ የሚሰማ ከሆነ ብዙ ጊዜ የአያያዝ ችግር ነው። የፒያኖው ቮሊዩም ሩብ ላይ ተደርጎ ሚክሰሩ ላይ ጌይኑ እስከ ጥግ ተከፍቷል። ሚክሰሩ የሚያጎላው ከድምፁ ጋር ሽሽታውንም ጭምር ነው። የፒያኖውን ቮሊዩም ወደ ሦስት አራተኛ ከፍ አድርጉ፣ የሚክሰሩን ጌይን ዝቅ አድርጉ፣ ልዩነቱን ታያላችሁ። ይህን ነገር ለማስተካከል ብቻ አዲስ ስፒከር የገዙ ሰዎች አውቃለሁ።

"ቻክ፣ ቸርርር" እያለ የሚቆራረጥ ከሆነ የተላላ ነገር አለ ማለት ነው። ሌላ ኬብል ሞክሩ። ኬብሉን ጫፉ ላይ ስታንቀሳቅሱት ከተቆራረጠ ኬብሉ ነው፤ በሌላ ኬብልም ያው ከሆነ የፒያኖው ጃክ ነው፣ ብየዳው ለቆ ይሆናል፤ ለቴክኒሻን ቀላል ሥራ ነው። ቮሊዩሙን ስታዞሩ ብቻ የሚንጫጫ ከሆነ ደግሞ የቮሊዩም መቆጣጠሪያው ውስጥ አቧራ ገብቷል፤ ፒያኖውን አጥፍታችሁ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ወዲያና ወዲህ አዙሩት፣ ካልሆነ የኤሌክትሮኒክስ ማጽጃ ስፕሬይ ያስፈልገዋል።

"ድድት-ድድት-ድርርርር" ብሎ ስልክ ሊደወል ሲል የሚጮኸውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በተለይ 2ጂ ላይ ያለ ስልክ ሞገዱን በሴኮንድ 217 ጊዜ ቆራርጦ ነው የሚልከው፤ ኬብሉ አንቴና ሆኖ ይቀበለዋል። ስልካችሁን ፒያኖው ላይ አታስቀምጡ። ኖታ በስልክ የምታነቡ ኤርፕሌን ሞድ አድርጉት። ፍሪጅ ሲነሳ "ጧ" የሚልባችሁም አላችሁ፤ ፒያኖውን ከፍሪጁ መስመር አርቁት።

ከዚህ ሁሉ ጋር የማይገናኝ፣ ሄድፎን ተደርጎም ጎረቤት የሚሰማው ድምፅ ደግሞ አለ። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። እናንተ በሄድፎን በሰላም እየተለማመዳችሁ የታችኛዋ ጎረቤት መጥታ "ልጄ፣ ምን እየወቀጣችሁ ነው በሌሊት?" ትላለች። እውነቷን ነው። እንደ ፒያኖ የሚከብደው ቁልፍ ውስጥ መዶሻ አለ፤ ስትመቱት የሚያርፍበት ንዝረት በመቆሚያው እግር በኩል ወደ ወለሉ ይወርዳል። ከእግሮቹ ሥር ወፍራም ጎማ ወይም የታጠፈ ምንጣፍ ማድረግ ብዙ ይቀንሰዋል። ድሮ ያልነበረ "ቀጭ ቀጭ" አንድ ሁለት ቁልፍ ላይ ብቻ ከመጣ ግን ከሥር ያለው ለስላሳ ጨርቅ አልቋል ወይም የሆነ ነገር ወድቆበታል። አንድ ጊዜ ሳንቲምና የእርሳስ ጫፍ ከአንድ ፒያኖ ውስጥ አውጥቻለሁ፤ ባለቤቱ "አርጅቷል" ብሎ ሊጥለው ነበር።

አንዷ ቁልፍ በቀስታ ስትነካ እንደ ጥይት የምትጮኽ ከሆነስ? ከየቁልፉ ሥር ቢያንስ ሁለት መዳሰሻዎች አሉ። ፒያኖው በምን ኃይል እንደመታችሁ የሚያውቀው በአንደኛውና በሁለተኛው መነካት መካከል ያለችውን ቅጽበት በመለካት ነው። አቧራ ሲገባ ስሌቱ ይሳሳትና ወይ ይጮኻል ወይ ድምፅ አይሰጥም። ጎማውና ሰሌዳው በአይሶፕሮፒል አልኮል በስሱ ሲጸዳ ብዙ ጊዜ ይድናል። ቤንዚን፣ ላምባ፣ ዘይት ነክ ስፕሬይ በፍጹም። ኤሌክትሪኩ በቀጥታ ውስጥ የሚገባ ዓይነት ፒያኖ ከሆነ ደግሞ ልምድ የሌለው ሰው አይክፈተው፤ ከተነቀለም በኋላ ውስጡ ያሉ ካፓሲተሮች ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ። ከሁሉም የሚሻለው በስተኋላ አለመጸጸት ነው፤ ተጫውታችሁ ስትጨርሱ አሮጌ ነጠላ ጣል አድርጉበት። የአዲስ አበባን አቧራ ታውቁታላችሁ።

አንዳንዱ ድምፅ ደግሞ ከፒያኖው አይደለም። አንድ አባት ለልጃቸው የገዙት ፒያኖ "አንድ ኖታ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ልመልሰው ነው" ብለው ጠሩኝ። እውነትም ያቺን ኖታ ብቻ ስትመቱ "ዝርርር" ይላል። ልጁ ኖታዋን ይዞ እንዲቆይ ነግሬው በሳሎኑ ውስጥ ዞርኩ፤ ቡፌው ጋ ስደርስ ተገኘ። ሲኒዎቹ ናቸው! ያቺ ኖታ ከመስታወቱና ከሲኒዎቹ ንዝረት ጋር ገጥማለች። በሄድፎን ስንሞክረው ምንም የለም። ሲኒዎቹ ሥር ጨርቅ ተነጠፈ፣ ነገሩ አለቀ። አንድ ኖታ ላይ ብቻ የሚመጣ ዝርታ ከሰማችሁ ፒያኖውን ከመክሰሳችሁ በፊት ክፍሉን ዞር ዞር በሉ።

ሆን ተብሎ የተጨመረ ድምፅም አለ። ደህና ዲጂታል ፒያኖዎች ላይ ፔዳል ሲረገጥ ስስ "ሁፍ" ይላል፣ ቁልፍ ሲለቀቅ ትንሽ ኮሽታ አለ። አምራቾቹ እውነተኛውን ፒያኖ ለማስመሰል ነው የጨመሩት፤ ካልወደዳችሁት ብዙዎቹ ላይ ከሴቲንግ ውስጥ ይቀነሳል። እኔ ግን ተዉት ነው የምለው። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን በቤት ውስጥ በካሴት የተቀዱ ሥራዎች የሰማ ሰው ከፒያኖው ጀርባ የወፍ ድምፅ ይሰማል። ያንን ማን ይጥፋ ይላል?

ወደ ቅዳሜው ታሪክ ልመለስ። ልጅቷ ጂ መሆኑን ከነገረችኝ በኋላ ሄድፎን ሞከረች፤ ጸጥ። ሚክሰሩ የት እንደተሰካ ጠየቅኳት፤ ከኋላ፣ በሌላ ሶኬት። ኧርዝ ያለው አንድ ረጅም ማከፋፈያ ፈልገው ሁለቱንም ከአንድ ቦታ ሰኩ። በስልኩ ውስጥ ጉርምርምታው ሲቆም እኔም ሰማሁት። የሳውንድ ልጁ ስልኩን ተቀብሎ "ጋሼ፣ አመሰግናለሁ፤ እኔ እኮ ከዚህ በፊት ሁለት ስፒከር ላይ ቆርጬዋለሁ" አለኝ። ልጁን አልተቆጣሁትም። ማን እንዳስተማረው ባላውቅም ማን ሊያስተምረው ይችል እንደነበር አውቃለሁ። ሁለቱን ስፒናዎች ሳይቀይር እንዳይሰካቸው ቃል አስገባሁት፤ ሰኞ ቀይሮ ፎቶ ላከልኝ።

የቤተ ክርስቲያን፣ የትምህርት ቤትና የአዳራሽ ኃላፊዎች ይህን የምታነቡ ከሆነ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ለአዲስ ኪቦርድ ገንዘብ ከማሰባሰባችሁ በፊት ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ ሶኬቶቻችሁ በትክክል ኧርዝ እንዳላቸው አስለኩ። ሦስት ቀዳዳ ወይም የጎን ብረት ስላለው ብቻ ከጀርባው ሽቦ ተገናኝቷል ማለት አይደለም። የአንድ ኤሌክትሪሺያንና የአንድ ዲአይ ቦክስ ዋጋ ከአዲስ ፒያኖ ጋር አይወዳደርም። ወላጆችም፣ ከዱባይ የመጣውን ባለ ሦስት እግር ስፒና ባለ ሁለት እግር መለወጫ ላይ ሰክታችሁ ከሆነ ያው ነው፤ ቆርጣችሁታል ማለት ነው።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ፕላስተር ያደረጋችሁበት ስፒና ካለ ዛሬ ማታ ላጡት። ከላጣችሁት በኋላ ፒያኖው ቢጮኽ ደውሉልኝ፤ መጀመሪያ የምጠይቃችሁ ስንት ኖታ ላይ እንደሚጮኽ ነውና ፈልጋችሁ ቆዩ። የሳውንድ ልጆች ያሉበት ግሩፕ ያላችሁ ደግሞ ይህን ጽሑፍ አጋሩልኝ።